እግሬን ያጠቡኝ እናት

ለጤና በጎ ፈቃደኝነት የሠለጠንነው ጎንደር ከተማ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃ በሌለው አዳራሽ፣ ባዶ ጣሳ እያዘነበልን እጅ መታጠብን ማስተማር ስንለማመድ ከረምን። አሠልጣኙ ቃሉ አንድ ነው፦ «አሳዩዋቸው እንጂ አትሥሩላቸው!» ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰማሁት።

ከዚያ ከአዲ አርቃይ በላይ ወዳለች መንደር ላኩኝ። ቀኑን ሙሉ ዳገት ስወጣ ውዬ የማርፍበት ቤት ስደርስ፣ ባለቤቷ አሮጊት በገበቴ ለብ ያለ ውሃ ይዘው እግሬ ሥር ቁጭ አሉ። ደንግጬ እግሬን ሰበሰብኩ።

«ኧረ እማማ፣ እኔው እታጠባለሁ!»

«ምነው ልጄ? ቤቴን ጠላሽው?»

ፊታቸው ሲጠቁር አይቼ እግሬን መለስኩ። በሻካራ እጃቸው ጣቶቼን አንድ በአንድ አሹልኝ፤ በነጠላቸው አደረቁና እግሬን ሳሙት። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ።

በማግስቱ የመንደሩን ሴቶች ሰብስቤ ሳሙናውን ሳነሣ፣ እማማ ከሁሉ ቀድመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። የአሠልጣኙ ቃል ትዝ አለኝ። ገደል ይግባ ብዬ አጠብኳቸው፤ ጎንበስ ብዬም እጃቸውን ሳምኩ።

ቀና ስል ሌሎቹ ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ተሰልፈዋል።