ለቅዳሴ ወደ አትላንታ፣ ቁርስ ቻተኑጋ ላይ

እሑድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ናሽቪል

ሌሊቱን ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ሳጥፍ አድሬ በቀጥታ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄድኩ። አትላንታ ያሉት የሀገራችን ሰዎች ከአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እየተከራዩ በየሁለት ወሩ ያስቀድሳሉ። ቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል። ካህናቱ ከዋሽንግተን ይመጣሉ፣ ሁለት ዲያቆናት እዚያው አሉ፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ሰማንያ ቀን የሞላት ሕፃን ክርስትና አለ። አባቷ አቶ ታደለ እንዳልቀር ሦስት ጊዜ ደውሎ ለምኖኛል።

አዳራሹ የሚለቀቀው ባለቤቶቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ ስለሆነ ቅዳሴው የሚጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የሚቀድስ ሰው እስኪቆርብ ድረስ እህል ውሃ አይቀምስም። ይህን ለማወቅ ዲያቆን መሆንም አያስፈልግም።

ቻተኑጋ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል

ገና ቴነሲን ሳንለቅ ሰዓታችንን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፋን። ሾፌሩ የሃያ አምስት ደቂቃ እረፍት ሰጠን። እግሬ ሳላውቀው ወደ ምግብ ቤቱ ወሰደኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አስቤበት ነው የገባሁት። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ በዚህ ከተማ የሚያውቀኝ ሐበሻ የለም። ሁለት እንቁላል፣ ዳቦና ቡና በወተት፣ ሁለት ዶላር ከሰላሳ ሳንቲም።

"በጣም ርቦህ ነበር፤ ቡና ልጨምርልህ?" አለችኝ አስተናጋጇ።

ጨመረችልኝ። አፌን ጠርጌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጥድና ቀይ አፈር ብቻ ነው። አትላንታ አጠገብ ያለችውን ማሪዬታን ስናልፍ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለፈው ዓመት ናሽቪል ውስጥ ቅዳሴ በነበረ ቀን አንዲት ሴት ከሌሊት ሥራ ወጥታ ልትቆርብ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ "ምንም አልቀመስሽም?" ስላት ሻይ መጠጣቷን ነገረችኝ፤ መለስኳት። እያለቀሰች ሄደች። እኔ ሥርዓት ያስከበርኩ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አትላንታ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ሙቀቱ አንገት ያንቃል። አቶ ታደለ ኮሌጅ ፓርክ ካለ ሆቴል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እንግዳ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ጠብቆ ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀኝ።

"ዲያቆን፣ እንኳን ደህና መጡ! ዛሬን ኦፍ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብል ሠራሁ። ባለቤቴ ዘውዲቱም ሺፍቷን ቼንጅ አድርጋለች። እርስዎ ቢቀሩ ጉድ ሆነን ነበር!"

በመንገድ ሁሉ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ስለ ሙቀቱ አወራሁ።

ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ የሚለብሱት ከአዳራሹ አጠገብ ባለ የሕፃናት መማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። በዕድሜ የገፉት ቄስ፣ አባ ወልዴ፣ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

"ልጆቼ፣ ሁላችሁም በጾም ናችሁ?"

ሁለቱ ዲያቆናት አዎ አሉ። እኔ የያዝኩትን ልብስ መልሼ አጠፍኩት።

"እኔ በልቻለሁ አባ።"

"ረስተህ ነው አይደል? የሌሊት ሥራ ያፈዝዛል" አሉኝ።

አዎ ብል ቅዳሴውን አያድነውም፣ እኔን ግን ያድነኝ ነበር። ደግሞም ሊያምኑኝ ፈልገዋል።

"አልረሳሁም። የሚያየኝ የለም ብዬ ነው።"

አባ ወልዴ ከሕፃናቱ ወንበር በአንዷ ላይ ቁጭ አሉ። "እንግዲህ ለወላጆቿ አንተው ንገራቸው" አሉ።

ዘውዲቱ ነጭ የለበሰችውን ልጅ ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ነገርኳት። ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም፣ ክርስትናውም ለመስከረም ተላለፈ።

"ለእንቁላል?" አለች። "ለሁለት እንቁላል?"

"ዝም ቢሉስ ማን ያውቅ ነበር?" አለ ታደለ ቀስ ብሎ።

ጸሎት ተደርጎ ሕዝቡ ተበተነ። ማንም አላመሰገነኝም፤ እኔ ደግሞ፣ አፍሬ ነው የምጽፈው፣ እውነት በመናገሬ አንድ ሰው እንኳ ትከሻዬን ይነካኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

የተዘጋጀው ዶሮ አይጣልም፣ ቤታቸው ሄድን። ዘውዲቱ ሳህኔን ሞላችው።

"ይብሉ ዲያቆን፤ በመብላት እንኳ አይታሙም።"

ባሏ ሳቁን ዋጠ። እኔም እንባዬን። ማታ ልሄድ ስነሳ በሩ ላይ አቆመችኝ።

"በመስከረም ይመጣሉ?"

"ከፈለጋችሁኝ።"

"ከዓርብ ጀምሮ እኛ ጋ ነው የሚያድሩት። ከዓይኔ አይርቁም።"

ናሽቪል

ሰኞ ጠዋት እግሬን እየጎተትኩ ቤቴ ገባሁ። የጉዞው ትምህርት የገባኝ ግን ገና በሳምንቱ እሑድ ነው። የአትላንታው ነገር አትላንታ የቀረ መስሎኝ ነበር። እዚህ ናሽቪል ከተሰበሰብንበት ጸሎት በኋላ አንድ ሽማግሌ አባት ሕዝቡ መካከል ጠሩኝ።

"የአትላንታ ቅዳሴ እንዴት ነበር?"

እዚህ የሚያውቅ ሰው የለም። "ሙቀቱ አይጣል ነው" ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ውሸትም አይባል። እውነቱን አንዴ ስለተናገርኩ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገና መጀመሬ ነው።

"አልተቀደሰም" አልኳቸው። "በእኔ ምክንያት።"

"እንዴት?" አሉኝና ለመስማት ጠጋ አሉ።