ባለ አንድ ምላጩ

ባለፈው ቅዳሜ የሟቹ ባለቤቴ የወንድም ልጅ አዘዞ ያለው ቤቴ መጥቶ፣ እርሻውን ከርከሮ ስላስቸገረው የአደን ጠመንጃ ሊገዛ ማሰቡን ነገረኝና የሁለት ጠመንጃ ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። ሁለቱም ሁለት ሁለት አፈሙዝ አላቸው፤ አንዱ ግን ሁለት ምላጭ፣ ሌላው አንድ ምላጭ ብቻ ነው ያለው። «ባለ ሁለቱን ውሰድ» አልኩት። «እትዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠመንጃ የሚለዩት?» ብሎ ሳቀብኝ።

የለየሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ያኔ ከአይከል ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር እንኖር ነበር፤ ማሽላችንን ዝንጀሮ ስለጨረሰብን አባቴ እኔን አስከትሎ ጎንደር ወረደ። ሐጂ ይማም ጨርቅ፣ ጨውና ጠመንጃ ባንድ ሱቅ የሚሸጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። አባቴ በሬ ለመግዛት እንኳ ሦስት ገበያ የሚመላለስ ሰው ስለነበር ሁለቱን ጠመንጃዎች እያነሳ እያስቀመጠ ቀኑን አጋመሰው። ሐጂ «አያ ተገኘ፣ ባለ ሁለት ምላጩን ያዝ። ለያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱ ምላጭ አለው፤ ጣትህ አይሳሳትም። ይሄኛው ግን ባንዱ ምላጭ ደጋግሞ ይተኩሳል፤ ላለመደው ሰው አይሆንም» አሉት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ፊደል የቆጠርሽው አንቺ ነሽ፤ ምረጪ» አለኝ። ባለ አንዱ ብረቱ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ተቀርጻበት ስለነበር እሱን አሳየሁት። ሐጂ «ልጄ፣ ወፏ አትተኩስም» አሉኝ። አባቴ ስቆ ገዛው።

በጥቅምት አያቴ ሞተ። በአገራችን ወግ ወንዶች ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፣ ከዚያ ጠመንጃቸውን አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቀው እየፎከሩ ያለቅሳሉ። የሰፈሩ ጠመንጃ ሁሉ አንዴ ከተኮሰ ካልጎረሰ የማይተኩስ አሮጌ ነበርና አባቴ አንዱን ተኩሶ ባዶ የቀረ መሰለው። ዘቅዝቆ «አባቴ፣ አባቴ» እያለ ሲረግጥ ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። ሁለተኛው ጥይት ጭኑን በጠሰው። በቃሬዛ ተሸክመውት ወንዙን ሳይሻገሩ ደሙ አለቀ።

ሐጂ ይማም አንድ ከረጢት ስኳር በበቅሎ ጭነው፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ለቅሶ ደረሱ። እናቴ ከድንኳኑ ወጥታ በሰው ፊት «ባለ አንዱን አሸክሞ ባሌን የገደለብኝ ይህ ሰውዬ ነው» አለቻቸው። ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ቃል ቢናገሩ ነጻ ነበሩ። ግን «አላህ ያጽናሽ» ብቻ ብለዋት ከረጢቱን አስቀምጠው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ከዘመዶቻችን አንድም ሰው ከሱቃቸው ጨው አልገዛም። እኔ ጎንደር ትምህርት ቤት ስገባ በደጃቸው አልፍ ነበር፤ «እናትሽ ደህና ናት?» ይሉኛል፣ «ደህና ናት» እላቸዋለሁ፤ ሌላ ነገር አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እናቴ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ትረግማቸው ነበር፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ዛሬ እሷም የለችም። ከሐጂና ከእኔ በቀር እውነቱን የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ በሕይወት ሳለች ሐጂ ሲሞቱ ቀብራቸው ከቤቴ የአንድ ሰፈር ያህል መንገድ ነበር፤ ሰው አይቶ ለእናቴ ይነግርብኛል ብዬ ቀረሁ።