እሷ ከውከብ ስትል እኔ ኮከብ ስሰማ

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በአንድ ቃል ነው። ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ የምሠራበት ቤት፣ የማዳም ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ ትቀመጣለች፤ እኔ ሻይ አቀርብላታለሁ። ከህረባ፣ መብራት ማለት ነው፣ የጠፋ ጊዜ እርግማኑን በሁለት ቋንቋ እናወርደዋለን።

አንድ ቀን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ያላ፣ ታዓሊ! ከውከብ አገኘሁ!» ብላ ጠራችኝ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ከውከብ ሲሉኝ የምሰማው ኮከብ ነው። ዐረብኛዬም ያኔ ከገበያና ከወጥ ቤት አያልፍም ነበር። ደግሞ ኮከብ አገኘሁ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ጣራ ላይ ወጥቶ ቀና ማለት ነው እንጂ።

«ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ ዓይንሽን ስታደክሚ የከረምሽው?» አልኳት።

«አይታይም እኮ!»

«ኮከብ የማይታየውማ ለዕውር ነው፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ።»

እንዲህ እየተላለፍን ሰነበትን። እሷ በእኔ ድንቁርና ስትገረም፣ እኔ በእሷ ጤና ስሠጋ፣ በመጨረሻ ስህተቱ የት እንዳለ ገባት። ኮከብን እነሱ ነጅማ ነው የሚሉት። ከውከብ ማለት እንደ ምድራችን በአንድ ነጅማ ዙሪያ የሚዞር፣ የራሱ ብርሃን የሌለው ነገር ነው። የስልኳን መብራት አበራችና የፉል ፍሬ በሁለት ጣቷ ይዛ በፊቱ አሳለፈችው።

«ከሩቅ ሆነሽ ፍሬውን አታዪውም» አለች። «መብራቱ ግን ለአፍታ ትንሽ ይደክማል። እኔ የምፈልገው ያንን ነው።»

ሰማይ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ የነጅማዎቹን ብርሃን ሲለካ ይውላል አለችኝ። እሷ ልኬቱን ከኢንተርኔት አውርዳ፣ ብርሃኑ ጎደል ብሎ የተመለሰበትን ቦታ ታስሳለች። የማይታየውን እየጠበቁ መዋል ነው ሥራው። ሳቄን ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው፤ የእኔም ሥራ ያው ነበርና።

እጮኛዬ የመንደሬ ልጅ ነው። እናቱ ኮከባችንን አስቆጥራ «ገጥሟል» ተብላ ነበር። እኔ ቀድሜ ካርቱም ገባሁ፤ እሱ ተከትሎኝ መጥቶ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረ የቀን ሥራ ይሠራ ጀመር። ዓርብ ዓርብ ኩብሪው፣ ድልድዩ አጠገብ እንገናኛለን። በጥፍሩ ሥር የማይለቅ ግራሶ ነበረው፤ «በዚህ እጅ ነው ቀለበት የምታጠልቅልኝ?» እያልኩ አሾፍበታለሁ። አሁን ያ ጥቁር ጥፍር ከምንም በላይ ይናፍቀኛል።

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ማውጣት ሳይሆንለት ቀረ። ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ መቀየር ሰለቸውና በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ ልሻገር አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ብቻ አለኝ።

«መንገድ ላይ ስልኬን ይወስዱብኛል» አለ። «በቃሌ የያዝኩት ያንቺን ቁጥር ብቻ ነው። የማንንም ስልክ ባገኝ ሚስኮል አደርግልሻለሁ። አንዴ ጮሆ ከተዘጋ፣ አለሁ ማለት ነው።»

ከሄደ በኋላ ዝምታው ረዘመ። ከዚያ አንድ ዓርብ ሰሃን ሳጥብ ስልኬ አንዴ ጮሆ ዝም አለ። የሊቢያ ቁጥር ነው። መልሼ ብደውል የሚያነሳ የለም። በእርጥብ እጄ ስልኩን እንደያዝኩ ሮጬ ሳሎን ገባሁና ለልጅቷ አሳየኋት።

«አንዴ ማስረጃ አይሆንም» አለችኝ። «እኛም ጋ አንዴ ቢጎድል የመሣሪያ ስህተት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ሲመጣ ተስፋ እናደርጋለን። ሦስተኛው በእኩል የጊዜ ልዩነት ከመጣ፣ ኻላስ፣ ከውከቡ አለ እንላለን።»

ደሜ ፈላ። «ያንቺ ከውከብ እናት አለው? እጮኛ አለው?» ብዬ የሻይ ትሪዋን ከፊቷ አንስቼ ወጣሁ። ቆየት ብላ ወጥ ቤት መጣች። በዕድሜዋ ሰሃን ነክታ የማታውቀው ልጅ ጨርቅ አንስታ አጠገቤ ታደርቅ ጀመር።

«ጠብቂ ማለቴ ነው እንጂ የለም ማለቴ አይደለም፣ ኡኽቲ፣ እህቴ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደድኳት።

እንዲያው ለጨዋታ ያህል አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። «ነጅማው ራሱ ድንገት ቢጠፋስ፣ ከውከቡም አብሮ ይጠፋል?»

«የለም፣ እሱ እዚያው ነው። እኛ ግን የምናውቅበት መንገድ አይኖረንም።»

ያኔ ነገሬም አላልኩት።

ሁለተኛው ሚስኮል የመጣው ከሌላ ቁጥር ነው፤ የሊቢያ ነው እሱም። እልልታዬን ሳቀልጠው ማዳም ሌባ የገባ መስሏት ከላይ ወረደች። ልጅቷ ሁለቱን ቀኖች ይዛ አሰላችና «ሦስተኛው ለዒድ ግድም ነው፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ። ሰው እንደ ከውከብ በሰዓቱ እንደማይዞር ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ግን ለዒድ ቀሚስ ገዛሁ። ስልክ ለማንሳት ቀሚስ!

የካርቱሙ ጦርነት ዒድን አልጠበቀም፤ በጾሙ ወር መጣ። መጀመሪያ ከህረባው፣ ቀጥሎ ሸበካው፣ ማለትም ኔትዎርኩ ጠፋ። እነማዳም ወደ ግብፅ፣ እኔ ካገሬ ልጆች ጋር በመተማ በኩል ወደ አገሬ ሆንን። ስንለያይ ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ሲምሽን እንዳትጥዪው» አለችኝ።

አልጣልኩትም። ኮምቦልቻ ሆኜ ዛሬም ስልኬ ውስጥ ነው፤ ግን የሱዳኑ መስመር እዚህ አይሠራም። አዲሱን ቁጥሬን እንዲያደርሱለት እንዳልሰጣቸው፣ ባሕሪ የሚያውቁን ሁሉ ተበትነዋል። ልጅቷ ከካይሮ ስትደውል ከሰላምታዋ በፊት «መጣ?» ነው የምትለኝ። «ማፊ» እላታለሁ፤ የለም።

ዘመዶቼ «እሱ ጠፍቷል፤ ኮከብሽ ከሌላ ይቆጠር» ይሉኛል። ይህን የማትለኝ እናቱ ብቻ ናት። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። የሆነ ቦታ የሰው ስልክ ተውሶ፣ በቃሉ የያዘውን ቁጥር በዚያ ጥፍሩ ይነካል። ይሞክራል፤ አይገባለትም። ደግሞ ይሞክራል።

ሰው ሁሉ ጠፋ የሚለው እሱን ነው። የጠፋሁት እኔ ነኝ።