ምርቃቱ ብቻ ተሻገረ

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳስተምር ከሁሉ የለፋሁበት ትምህርት ልጆቼን ከውጭ አገር ተማሪዎች ጋር ባንድ ቡድን ያሠራሁበት ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በስክሪን እየተያዩ ለዓይነ ስውራን የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ የስልክ ፕሮግራም ሠሩ። የኔዎቹ አማርኛውን፣ የማዶዎቹ የስልኩን ገጽ ያዙ። መብራት ሲጠፋብን ይጠብቁናል፤ ስንመለስ ደግሞ እኛ ስላስጠበቅናቸው ይቅርታ ስንጠይቅ ሰዓቱ ያልቃል።

ፕሮግራሙን እንድትሞክርልን የለመንናት አንዲት ዓይነ ስውር የታሪክ ተማሪ ነበረች፣ ገሳይ ከምትባል ከተማ የመጣች። የመጨረሻ ዓመቷ ስለነበር የመውጫ ፈተና ይጠብቃታል። እስከዚያ የሚያነቡላት የዶርም ጓደኞቿ ነበሩ፤ አሁን ግን እነሱም ለራሳቸው ፈተና ተወጥረዋል። የአራት ዓመት ንባብ ተቆልሎባት ማን ያንብብላት? ተስፋዋ ስልኳ ላይ የጫንንላት ያ ፕሮግራም ብቻ ነበር።

ሞከረችው፤ ድምፁን ወደደችው። ችግሩ ማስጀመሪያው ነው። መስታወቱ ላይ የተሳለ ምልክት ስለሆነ ዳስሳ አታገኘውም፤ ሰው ካልነካላት አያነብም።

ያገራችን ሰው ቅሬታ ሲኖረው አስቀድሞ ይመርቃል፤ ችግሩን ኋላ ነው የሚያመጣው። እሷም እንደ ወጉ የማዶዎቹን ልጆች መርቃ መርቃ፣ በመጨረሻ ማስጀመሪያውን አላገኘሁትም አለች። የኔዎቹ ምርቃቱን ተርጉመው ላኩ፤ የቀረውን ዋጡት። እንዲያ ለለፋ ሰው አልሆነም ይባላል እንዴ? ይሉኝታ ያዛቸው። ለእሷ ደግሞ ነግረናቸዋል፣ እየሠሩት ነው አሏት። እየመረቀች ጠበቀች። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

በትምህርቱ መዝጊያ ቀን ፈተናዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር። የማዶዎቹ እሷው ራሷ ስታሠራው ማየት ፈለጉ። ስልኩን ያዘች፤ ጣቷ መስታወቱ ላይ ይዞር ጀመር። ዞረ፣ ዞረ። ከኔዎቹ አንዱ ሊነካላት እጁን ሲሰድ ስልኩን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ተው፤ እነሱም ይዩት» አለች።

ከማዶ አንዲት ተማሪ ፊቷ ተለዋወጠ። ለምን አልነገራችሁንም፣ የአንድ ቀን ሥራ እኮ ነበር ብላ ጠየቀች። የኔው ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ እንዳናስቀይማቸው ፈርተን ነው አለኝ፣ በአማርኛ። ስልኩን የያዘችው ልጅ ሰማችው።

«እኔን ማስቀየምስ አላስፈራችሁም?»

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰሙ ያደጉ ልጆች የሌላ ሰው በሽታ ሸሸጉ። በጣም ተናደድኩ። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ንዴቱ ይወጣልኝ ነበር፤ ደጎች ስለሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የማዶዎቹ በማግስቱ አስተካክለው ላኩት። የአራት ዓመት ንባብ ግን በቀረው ጊዜ የሚገፋ አልነበረም። ፈተናውን ወደቀች፤ ክረምቱ ሲገባም ገሳይ ወላጆቿ ዘንድ ተመለሰች።

ወላጆቿ ቤት ደወልኩላት። ፕሮግራሙ አሁን ያለማንም እርዳታ እንደሚያነብላት፣ ፈተናውንም እንደገና መውሰድ እንደምትችል እንደ ምሥራች ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማል።

«እግዜር ይስጥልኝ መምህር» አለች። «ያንን ስልክ ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ሥራ ፍለጋ ይዞት ሄደ። አሁን የማናግርዎ በአባቴ ስልክ ነው፣ በባለ ቁልፉ። ይሄን እንኳ ዳስሼ አገኘዋለሁ።»