አጥሩ የጠጣው ዘይት

ትልቋ የልጅ ልጄ የእናቷን መኪና ልትረከብ በተዘጋጀችበት ሰሞን፣ «እማማ፣ ዘይቱ በስንት ኪሎሜትር ነው የሚቀየረው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በአሥር ሺህ» አልኳት ሳላመነታ። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። መሪ ጨብጬ የማላውቅ፣ ፊደልም ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ የለቀምኩ ሴት ይህን ከየት አመጣችው ብለው ነው። ቁጥር ግን አይጠፋኝም። «እንግዲያው ከመጀመሪያው ይንገሩን» አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ለእነሱ የነገርኩትን ነው እዚህም የምጽፈው።

የልጆቼ አባት ታክሲ ነጂ ነበር። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ትንሽ መኪና ነበረችው። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ አንዳንዴም ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲመላለስባት ይውላል። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ቆጣሪዋ እኔ ሆንኩ። ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው። አንዱን ገብርኤል እናልፍና በሚቀጥለው ዘይቷ ይቀየራል። ጠዋት ጫማውን ሲያስር «ዛሬ የመኪናዋ ገብርኤል ነው» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ በእኔ ቆጠራ ብቻ አይረካም። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያዋን ብረት ይመዛል፤ ጠብታዋን በሁለት ጣቱ መሀል አሽቶ ያሸታታል። ቅቤ ሲገዛ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም ነበር። «መጥቆሩ ምንም አይደል፤ ሲሻክር ነው ነገር የሚመጣው» ይላል።

የወረደውን የተቃጠለ ዘይት አይደፋውም። አፍንጮ በር ያለው ግቢያችን የእንጨት አጥር ነበረው፤ ምስጥ ደግሞ ከእኛ ቤት አይጠፋም። አሮጌ መጥረጊያ እየነከረ የአጥሩን ቋሚዎች እስከ ሥራቸው ይቀባቸዋል። አጥሩ ጠቆረ ማለት ገብርኤል አልፏል ማለት ነው። ሰፈሩም ይህን ያውቅ ነበር፤ ልብሱን ከአጥራችን አርቆ ያሰጣል።

ዓይኑ ሲደክም ታክሲዋን ሸጣት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሴት ልጃችን መኪና ገዛች። ሌላ አገር ትንሽ ተነድታ የመጣች ናት፤ ለእኛ ግን አዲስ ነበረች። ሰው በስልክ ሲጠራት ሄዳ ታደርሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ ነገር አልነበራትም። ያ ሞተር አንድ ቀን ዘይት አጥሮት ደርቆ ቢነክስና አልነሣ ቢል የእነዚያ ልጆች ኑሮ አብሮት ይቆማል። ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት አባቷ «ዘይቷን ስንት ላይ ልትቀይሪ ነው?» አላት።

«አሥር ሺህ ላይ።»

«አሥር ሺህ? ሞተር ነው የገዛሽው ግመል?»

«የመኪናዋ መጽሐፍ ነው እንዲህ የሚለው፣ አባዬ። መኪናውም ዘይቱም እንደ ድሮው አይደለም።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ራስ መኮንን ድልድይን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም። መኪናዋን የሠሯት ግን እነሱ ናቸው።»

ሲረታ ጢሙን ይነካካል፤ ያን ዕለት ብዙ ነካካው።

ልጄ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትተኛለች። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ላይ ስለምትውል እንቅልፏ የድንጋይ ነው። ጥቂት ወራት እንዳለፈ አባቷ ጠጋ ብሎ «ስንት እንደሄደች ጠይቂያት፤ አንቺን አትጠረጥርሽም» አለኝ። ሻይ ስቀዳላት እንደ ዋዛ ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። አምስት ሺህ አልፎ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ከቀድሞ የታክሲ ጓደኛው ሱቅ የገዛውን አዲስ ዘይት ከአልጋ ሥር አወጣ።

«ሰንበት ነው እኮ» አልኩት።

«በሬ ጉድጓድ ከገባ በሰንበትም ይወጣል» አለኝ።

ቁልፉ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። አወረደው። መኪናዋን ፊቷን ሁለት ጣውላ ላይ አወጣት፣ ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ ወተፈ፣ ካርቶን አነጠፈና ሥሯ ገባ። ሰባ ዓመት አልፎታል። ለእኔ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበር። ሳፋውን ይዤ ቁጢጥ አልኩ። «ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ አልኩሽ፤ ያ የእኔ ቀኝ አይደለም» ይለኛል ከታች። ዘይቱ ትኩስ እንደሆነ ወረደ። የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አልነካውም፤ አዲስ ፊልትሮ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ያጋልጠናል አለ። የወረደውን ዘይት እንደ ልማዱ ለአጥሩ ሰጠው።

እንዲህ እያልን ሦስት ጊዜ ቀየርን። እሷ በየአሥር ሺሁ ታስቀይራለች፤ እኛ በመካከሉ። መደበቁ ደስ አላለኝም። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው አሰብኩና ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ሰው ሰርቆ ይናዘዛል፤ ሰጥቶ እንዴት ይናዘዛል?

ያጋለጠን ያው ፊልትሮው ነው። ልጄ ዘይት ልታስቀይር ሄዳ መካኒኩ ሳቀባት። ያላትን ቃል በቃል ነግራናለች፤ «እህቴ፣ ሌባሽ የተባረከ ነው። አሮጌውን እየወሰደ አዲስ ይተውልሻል። ፊልትሮው አሥር ሺህ ሄዷል፤ ዘይቱ ግን በቅርብ የተቀዳ ነው የሚመስለው።»

ያን ዕለት በቀን ተመለሰች። ቤት አልገባችም። አጥሩ ጋ ቆመች፣ አንዱን ቋሚ በጣቷ ነካችው፣ ልክ እንደ አባቷ በሁለት ጣቷ አሸችና አሸተተችው።

«አባዬ፣ ይሄ አጥር ከመኪናዬ የበለጠ ዘይት ጠጥቷል።»

«ምስጥ በዛ» አላት ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

«እማዬ፣ አንቺም?»

እኔ ሳፋውን አየሁት። እሷም አየችው።

«አያምኑኝም ማለት ነው» አለችው።

«አንቺን አምናለሁ። የማላምነው መንገዱን ነው። ከድልድዩ እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው? ቆመሽ ነው የምትውዪው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ኪሎሜትር አይቆጥርም፤ ዘይቱን ግን ይበላል። አቧራው ደግሞ አለ።»

«ድንጋዩ ቢንሸራተትስ? እርስዎ ሥሯ ተኝተው መኪናዋ ብትመጣብዎትስ? ያን ጊዜ እኔ ምን ልሁን?»

ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሳትሰቅለው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ምስማር ባዶውን ቀረ። እኔም ስንት ሄደች ብዬ መጠየቅ ተውኩ።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ሥራው ማዳመጥ ሆነ። አመሻሽ ላይ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መኪናዋ ስትመጣ ጆሮውን ያቀናል። «ገና ነው» ይለኛል። ሞተሩ ማንኳኳት እስኪጀምር ነው የሚጠብቀው። እንዲጀምር ፈልጎ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ምግብ ቀነሰ፤ እንቅልፍም አጣ። ታክሲ ተራው ጋ ያሉት ጎረምሶች ነገሩን ስለሰሙ ሲያልፍ ይተርቡታል።

«ፋዘር፣ ግመሏ ውሃ አልጠማትም?»

«ጠብቁ» ይላቸዋል።

ጠበቁ። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሞተሩ አላንኳኳም፣ አላጨሰም። እንዲያውም እሱ እንዳለው እየለሰለሰ መጣ። ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ እያጠረ ሄደ። አንድ ቀን ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ ከጎረምሶቹ መሀል ቆሞ ሲናገር ሰማሁት፤ «አዲስ መኪና ሌላ ፍጥረት ነው። አሥር ሺህ ይሄዳል። እኔ በጆሮዬ አረጋግጫለሁ።»

ከዚያ በአንድ እሁድ ምሳ እንደበላን ልጁን ጠራት። «ተሳስቼ ነበር፤ መጽሐፉ ልክ ነው» አላት። ስለ መኪና ተሳሳትኩ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሷ እጇን እየታጠበች ነበር። እጇ ከጸዳ በኋላም ውሃው ሲፈስ ቆየ።

«እሺ አባዬ» አለች።

በዓመቱ ዐረፈ። ምግብ መብላት ጀምሮ ነበር፣ እንቅልፉም ተመልሶለት ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ መኪና ለገዛ ዘመድ ሁሉ አሥር ሺህ ነው እያልኩ ኖርኩ።

ሰፈራችን የተነሣ ጊዜ አጥሩን ሊነቅሉ የመጡት ሠራተኞች ቋሚዎቹ አልነቀል አሏቸው። ቤቱ በግማሽ ቀን ሲወርድ አጥሩ ሙሉ ቀን ፈጀ። ምስጥ አልነካውም ነበር።

ለልጆቹ የነገርኳቸው እስከዚህ ነው። ስጨርስ ትልቋ መኪናዋን ልታጸዳ ከፎቅ ወረደችና ከመኪናዋ ኪስ መጽሐፉንና በላስቲክ የታሰሩ ካርዶችን ይዛ ተመለሰች። መጽሐፉ አንድ ገጹ ላይ ታጥፏል። አነበበችልኝ። ከላይ አሥር ሺህ ይላል። ከሥር በደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ፣ አቧራ ባለበት፣ መኪና በሚጨናነቅበት፣ ሞተሩ ቆሞ ብዙ በሚሠራበት መንገድ በግማሹ ይቀየር ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ድልድዩን ሳያውቀው አልቀረም።

ካርዶቹ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መካኒኩ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ጽፎ የሚሰጣቸው ናቸው። አልጋዬ ላይ በቀናቸው ደረደርኳቸው። የመጀመሪያዎቹ አሥር አሥር ሺህ ይራራቃሉ። ቁልፉ ከምስማሩ ከቀረበት ዕለት ወዲህ ያሉት ግን ሁሉም አምስት አምስት ሺህ ናቸው፤ አባቷ ተሳስቼ ነበር ካላት እሁድ በፊት ባለው ሐሙስ የተጻፈውም ጭምር።