አምቡያ ሩዶ ዳቦ የተቀበሉበት ቀን

ትናንት ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ የግቢውን ድንጋይ በውኃ እያጠበ ነበር። ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ውኃ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ አገኘኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። የድንጋይና የውኃ ታሪክ ይነግሩኝ የነበሩት አምቡያ ሩዶ ትዝ አሉኝ።

ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር፣ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እማዬ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ታጥብ ስለነበር፣ የሥራ ባልደረባዋ እናት ከትምህርት ቤት በኋላ ይጠብቁኝ ጀመር። ዚምባብዌያዊት ናቸው፤ አንደኛ ፎቅ ይኖራሉ። አምቡያ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው።

ካሴታቸውን ከፍተው፣ ኩብ ስኳር ጠረጴዛው ላይ እየደረደሩ ግንብ ይሠሩልኝ ነበር።

“አያቶቻችን ከተማ የገነቡት እንዲህ ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ስንት መቶ ዓመት ቆሟል! ፈረንጆቹ መጥተው ሲያዩት፣ ይህንንማ ጥቁር አልሠራውም አሉ። ታዲያ ማን ሠራው? ዝንጀሮ?”

ወንዛቸው ከገደል ሲወድቅ ጢሱ ከሩቅ እንደሚታይ፣ ስሙም “የሚያገሳ ጢስ” እንደሆነ፣ ጨረቃ ስትሞላ ቀስተ ደመና እንደሚወጣበት የነገሩኝ ዕለት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስጸልይም “ጌታ ሆይ፣ በጨረቃም ትሠራለህ እንዴ?” ብዬ ጠየቅሁት።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ምስጋናዋን ለማድረስ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ እኔን አስከትላ ወረደች። አምቡያ በሩን ከፈቱ፤ ዳቦውን ሲያዩ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። እማዬ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጄን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ።

“እንደ ቡና ቤት አሳላፊ አጨበጨቡብኝ! ዳቦ ይዤ ሄጄ! ሁለተኛ እዚያ ቤት አትረግጪም።”

“የት ልዋል ታዲያ?”

“ከቤተ ክርስቲያን ሰው አላጣም።”

ሌሊቱን ሁሉ አለቀስኩ። ገና ያልነገሩኝ ስንት ነገር ነበር።

እሑድ ምሳ ላይ እማዬ ሳህኔን ስትሰጠኝ፣ እጆቼ ሳላስበው አጨበጨቡ።

“ደግሞ አንቺም ጀመርሽ!”

“እማዬ፣ ሲሰጡን እኮ እንዲህ ነው የምናደርገው። አመሰግናለሁ፣ አከብርሻለሁ ማለት ነው። አምቡያ ውኃ ሳቀብላቸው እንኳ ያጨበጭባሉ።”

ጭልፋውን አስቀመጠች። “ላንቺ? ለልጅ?”

“ለኔ።”

ምሳው እንደቀረበ ነጠላዋን ለብሳ ወረደች፤ ተከተልኳት። አምቡያ በሩን ሲከፍቱ እንግሊዝኛው ጠፋባትና በአማርኛ “ይቅርታ” አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ አጨበጨበች።

አምቡያ በሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “ንገሪያት፣ እንዲህ የሚያጨበጭብ ወንድ ነው!” የእማዬን መዳፎች ይዘው፣ ጎድጎድ አድርገው፣ አንዱን በሌላው ላይ አሻግረው አስተካከሉላት። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች በር ላይ ጎንበስ ብለው ሲተያዩ፣ ከፏፏቴው ይልቅ ይህ ገረመኝ።

አምቡያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገራቸው ገቡ። እማዬ ግን ይቅርታ በጠየቀችበት ሳምንት አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ አስጠኚኝ ብላኝ ነበር፦ “በእናንተ አገር ይሄ ምን ማለት ነው?” ያኮረፋትንም ያፏጨባትንም ከመቀየሟ በፊት ትጠይቃለች። አንዴ የአውቶቡስ ሹፌር “እኔ የዚሁ የዴንቨር ልጅ ነኝ” ቢላት፣ “እሺ፣ በዴንቨር ምን ማለት ነው?” አለችው። ዛሬም ሌላው እንግሊዝኛ ይደነቃቀፍባታል፤ ይህችን ግን አትስትም።