የደሳለኝ ፊት በአዳራሹ ቴሌቪዥን

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ታቦር በላይ ካለው ኮረብታ አሮጌውን የቴሌቪዥን ማሰራጫ ምሰሶ በእሳት እየቆራረጡ ሲያወርዱት፣ የተቃጠለው ቀለም ሽታ ቁልቁል እስከ ደጃፌ መጥቶ ልጅነቴን ቀሰቀሰብኝ። ያ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ብረት ሲተከል ትልልቆቹ ሰዎች መብረቅ ይጠራብናል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ ጫፉ ደመናውን ሲቀድ ለማየት አንገታችን እስኪደነዝዝ አንጋጠን እንጠብቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን ገባ። አመሻሽ ላይ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ብርድ በጋቢ እየተከላከልን፣ አግዳሚው ላይ ተፋፍገን ዜና እናያለን። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ግን አይመጡም። ጦር ሜዳ የሄደው ልጃቸው የደሳለኝ መርዶ ከተነገራቸው ወዲህ ጥቁር ለብሰው፣ ተዝካሩንም አውጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይወጡም ነበር። አንድ ቀን እናቴ እየለመነች ይዛቸው መጣች።

ዜናው የተመለሱ ምርኮኞችን ያሳይ ነበር። ከአውቶቡስ ከሚወርዱት የከሱ ወጣቶች አንዱ ቀና አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ደሳለኝ!» አሉ በቀስታ፣ ደጅ የቆመ ሰው እንደሚጠሩ።

ምስሉ አለፈ።

«መልስልኝ! በማርያም፣ አንዴ ብቻ መልስልኝ!» እያሉ የአዳራሹ ጠባቂ እግር ላይ ወደቁ።

«እትዬ፣ ከአዲስ አበባ ነው እኮ የሚመጣው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ እሱም ሊያነሣቸው ጎንበስ ብሎ።

እናቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ እንደጫነች ቀረች። የተዝካሩን ጠላ የጠጡት ሁሉ እርስ በርስ ለመተያየት ፈሩ። መልክ ይመሳሰላል ብሎ ሊያጽናናቸው የሞከረም ነበር፤ እሳቸው ግን በማግስቱ ጥቁሩን አውልቀው መናኸሪያ መዋል ጀመሩ።

አንድ ቀን እውነትም ደሳለኝ ከባሕር ዳር መኪና ወረደ። እናቱ መጀመሪያ በጥፊ መቱት።

«የት ነበርክ?» አሉት። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፤ መናኸሪያው በእልልታና በለቅሶ ተደበላለቀ። እኔ የአንድ ሰው ልጅ የከተማው ሁሉ ልጅ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደሳለኝ አግብቶ ወልዶ፣ ከኛ አጥር ማዶ ኖረ። ዛሬ በየጣሪያው ዲሽ፣ በየእጃችን ስልክ አለ፤ አዳራሹም ተዘግቷል። ባለፈው ክረምት ጠዋት ስልኬን ስከፍት የደሳለኝን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር አየሁት፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል አርፏል። አጥር ለአጥር እየኖርን፣ መታመሙን እንኳ አልሰማሁም ነበር።